የካሜራ ኦብስኩራ አልበም፣ እና ጓደኛ የሞተበት ባንድ እንደገና መጀመር አለበት ወይ?

ቀይ ሸማ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፤ ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

ካሜራ ኦብስኩራ የሚባል የስኮትላንድ ባንድ አለ፤ ከግላስጎው ከተማ ናቸው። ኢንዲ ፖፕ ነው የሚጫወቱት። ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራም፣ ኪቦርድ፣ እና የትሬሲአን ካምቤል ድምፅ። ዘፈኖቹን የምትጽፈውም እሷ ናት። ስትዘፍን አትጮህም፤ ቡና ላይ ቁጭ ብላ የምታጫውትሽ ነው የሚመስለው። እኔ ያወቅኳቸው በ2009 በወጣው አልበማቸው «ማይ ሞድሊን ካሪየር» ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። አንዲት የክፍል ጓደኛዬ በፍላሽ አምጥታ ሰጠችኝ። ይህን የምጽፈውም በእሷ ምክንያት ነው።

ከዚያች ልጅ ጋር ባንድ አቋቋምን። አራት ነበርን። እኔ እዘፍናለሁ፣ ጊታርም እይዛለሁ። እሷ ኪቦርድ። አርብ አርብ ማታ አንድ ትንሽ ቤት ውስጥ እንጫወት ነበር፤ አንዳንዴ አስር ሰው ይመጣል፣ ሲበዛ ሰላሳ። የራሳችን ስድስት ዘፈን ነበረን። የዛሬ ሁለት ዓመት ታመመች። በአምስት ወር ውስጥ አጣናት።

ኪቦርዷ አሁን እኔ ቤት ነው። እናቷ ናቸው «አንቺ ጋ ይሁን» ብለው የሰጡኝ። ነጠላ አልብሼ ከአልጋዬ ጎን አስቀምጬዋለሁ። ከላይ በኩል ድምፅ የሚመረጥባቸው ትንንሽ ቁልፎች አሉ አይደል? እሷ ነጭ ፕላስተር ቆርጣ እየለጠፈች በእስክሪብቶ ስም አውጥታላቸው ነበር። ቫዮሊን የሚመስለው «ዝናብ» ነው። ኦርጋኑ «ጠዋት»። አንዱ ላይ ደግሞ «ለክፉ ቀን» ይላል። እሱን ተጫውታልን አታውቅም። እኔም ነክቼው አላውቅም።

ባለፈው ወር ድራም የሚመታልን ልጅ ደወለ። «እንጀምር፣ ኪቦርድ የምትጫወት ልጅ አግኝቻለሁ» አለኝ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ዝም አልኩ። ደህና ዋል እንኳ ሳልለው ዘጋሁት።

በዚያው ሰሞን የካሜራ ኦብስኩራን የ2024 አልበም ሰማሁ። «ሉክ ቱ ዘ ኢስት፣ ሉክ ቱ ዘ ዌስት» ይባላል። ኪቦርድ ተጫዋቻቸው ኬሪ ላንደር በ2015 በካንሰር መሞቷን አውቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ይመለሳሉ ብዬ አልጠበቅኩም። ከተመለሱም አልበሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ ልቅሶ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነው የከፈትኩት። ግን አይደለም! ድራሙ ሶምሶማ ይሮጣል፣ ጊታሩ ብርሃን አለው፣ እኔም ዕቃ እያጠብኩ መወዛወዝ ጀመርኩ። አስረኛው ላይ «ሹገር አልመንድ» መጣ። ፒያኖና ድምጿ ነው፤ ሌላ ብዙ ነገር የለውም። ለኬሪ የተዘፈነ ነው። እጄ ሳሙና እንደያዘ ቆሜ ቀረሁ። ውሃው ዝም ብሎ ይፈሳል።

ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ። ባንዱን የምታውቁ፣ እነዚህ ሰዎች እንዴት ነው የተመለሱት? ምን ያህል ጊዜ ፈጀባቸው? ሌላው ደግሞ፣ ከባንዳችሁ ሰው የሞተባችሁ ካላችሁ፣ እንደገና ስትጀምሩ እሷን የከዳችኋት አልመሰላችሁም?

ዝናብ አገር፦

እህቴ፣ በመጀመሪያ ነፍሷን ይማር። እናንተንም ያጽናችሁ።

እኔ የምኖረው ግላስጎው ነው፤ ስለዚህ የባንዱን ነገር የማውቀውን ልንገርሽ። የተመሠረቱት በ1996 ነው። ኬሪ ከመጀመሪያው አልነበረችም፤ የገባችው በ2002፣ ከመጀመሪያው አልበም በኋላ ነው። ብዙ ሰው የሚወዳቸው የ2006ቱ «ሌትስ ጌት አውት ኦፍ ዚስ ካንትሪ» እና አንቺ ያልሽው የ2009ኙ ላይ ያ ኦርጋን፣ ያ ፒያኖ የእሷ ነው። በ2011 የአጥንት ካንሰር እንዳለባት ታወቀ። ኦስቲዮሳርኮማ ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ልጆችንና ወጣቶችን ነው የሚይዘው። እሷ ግን እየታከመችም መጫወቷን አልተወችም። በ2013 የወጣው «ዲዛየር ላይንስ» ላይ አለች። ስትታመም ሳርኮማ ዩኬ ለሚባል የበጎ አድራጎት ድርጅት ገንዘብ ታሰባስብ ነበር፤ ሕክምናው ለብዙ ዓመታት ያን ያህል አልተለወጠም፣ ምርምር ያስፈልገዋል ብላ። በጥቅምት 2015 አረፈች። 33 ዓመቷ ነበር።

ከዚያ በኋላ ባንዱ ዝም አለ። ፈርሷል ብለው ግን አላወጁም። ትሬሲአን በ2018 ዳኒ ኮክላን ከሚባል ሙዚቀኛ ጋር ሌላ አልበም ሠራች። በ2019 ደግሞ እዚሁ ከተማ ያሉት ቤል ኤንድ ሰባስቲያን የሚባሉት ባንድ መርከብ ላይ ፌስቲቫል አዘጋጁ። ከባርሴሎና ተነስቶ ሜዲትራኒያን ላይ የሚሄድ መርከብ ነው። ካሜራ ኦብስኩራን ጋበዟቸው። የተመለሱት በዚያ ነው። አስቢው፣ ጥሪው የመጣው ከዱሮ ወዳጆቻቸው ነው። ኪቦርዱ ላይ ዶና ማሲዮቻ የምትባል ሙዚቀኛ ገባች፤ እሷ ትዘፍናለችም። ከዚያ አልበሙ በግንቦት 2024 መርጅ በሚባለው አሳታሚ በኩል ወጣ። ኬሪ ከሞተች ስምንት ዓመት ከመንፈቅ አልፎ ማለት ነው። ስለዚህ ለሁለት ዓመት ዝም ማለትሽ ምንም አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ አልበሙን በሌላ ጆሮ እንድሰማው ያደረገኝ ነው። እዚህ ክረምት ላይ ከቀኑ አስር ሰዓት አካባቢ ይጨልማል። በእኛ አቆጣጠር ነው የምልሽ፤ ልጆች ከትምህርት ቤት የሚመለሱት ሊጨልም ሲል ነው። በሰኔ ደግሞ ከምሽቱ አራት ሰዓት አልፎም ሰማዩ ፈዘዝ ብሎ ብርሃን አለው። ሰዎቹ እነዚያን ምሽቶች «ዘ ላይት ናይትስ» ነው የሚሏቸው። አልበሙ ላይ አምስተኛው ዘፈን ስሙ ይኸው ነው። የመጀመሪያው ዓመት ላይ መተኛት አቅቶኝ በመስኮት አይ ነበር። ሰዓቱ ሌሊት ነው ይላል፣ ሰማዩ አልመሸም ይላል። ደስ ይላል፤ ግን አገሬንም በጣም የሚናፍቀኝ በዚያ ሰዓት ነበር። አልበሙ እንደዚያ ነው የሚሰማኝ።

ጣና ዳር፦

የኔን ሐሳብ በግልጽ ልበል። ባንዱን በጣም ነው የምወደው፤ ይኼኛው አልበም ግን ከሁለቱ አይበልጥም። የ2006ቱና የ2009ኙ ላይ ቫዮሊኑ እንደ ማዕበል ይመጣል፣ ጥሩንባው ይገባል፣ «ፍሬንች ኔቪ» ሲጀምር ሰው ከወንበሩ ይነሳል። አሁን ያ ሁሉ የለም። የሚገርመው ፕሮዲውሰሩ ያው ስዊድናዊው ያሪ ሃፓላይነን ነው፤ እነዚያን ሁለቱንም የሠራው እሱ ነው። የተቀዳውም ዌልስ፣ ሮክፊልድ ስቱዲዮ ነው፤ የእንግሊዙ ሮክ ባንድ ኩዊን በ1975 «ቦሄሚያን ራፕሶዲ» የሚለውን ዘፈን መቅዳት የጀመሩበት ቦታ። እንዲህ ያለ ቤት ገብተው እንዲህ ቀለል ያለ ነገር ይዘው መውጣታቸው አልገባኝም። መሃል ላይ ያሉት ሁለት ሦስት ዘፈኖች ደግሞ ሰምቼ ስጨርስ ጆሮዬ ላይ አይቀሩም።

«ሹገር አልመንድ»ን ግን አልነካውም። እሱ ሌላ ነው።

ለጥያቄሽ፣ እኔ ባንሽ ያለ ኪቦርድ ነበር የምጀምረው። ሦስት ሆናችሁ። ቦታውን ባዶ ተዉት። ለምን ቶሎ ሰው ይተካባታል?

ባለ ቤዙ፦

ጣና ዳር፣ ወንድሜ፣ ቫዮሊኑ መቅረቱን እንደ ጉድለት ማየትህ ነው የማልስማማበት። ቫዮሊንና ጥሩንባውን አስበው ነው የተዉት። በምትኩ ፒያኖ፣ ሃሞንድ ኦርጋን፣ ሲንተሳይዘር፣ አንዳንድ ቦታ ድራም ማሽን አለ። ኪቦርድ ተጫዋቿ የሞተችበት ባንድ አልበሙን በኪቦርድ ነው የሞላው! ይኼን ሳስብ ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል። ቫዮሊኑን ቢያመጡት ኖሮ ሁሉንም ይሸፍነው ነበር። አሁን ግን እያንዳንዱ ጣት ሲነካ ይሰማል።

ቀይ ሸማ፣ «ለምን አያለቅስም» ብለሽ የገረመሽ ነገር እኛም ቤት አለ። ትዝታን አስቢው። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ብርሃን ያለው ቅኝት ነው። ማይነሩ ሚና ላን ዝቅ ያደርጋቸዋል፤ ያኔ ይጨልማል። ታዲያ ሰው ሜጀሩን እየሰማ አያለቅስም? ያለቅሳል። እኔ እንዲያውም ማይነሩ ሲመጣ ሐዘን እንደሚመጣ አውቄ እጠብቀዋለሁ፤ ሜጀሩ ግን ሳልዘጋጅ ነው የሚያገኘኝ። እነዚህ ስኮትላንዶችም ቅኝታቸው ሌላ ነው እንጂ የሚያደርጉት ያንኑ ነው። «ቢግ ላቭ»ን ስሚው፤ የካንትሪ ቃና አለው፣ እግርሽን ያስመታሻል። ግጥሙን ስትከተይ ነው የሚገባሽ።

አሁን የኔን ታሪክ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ስህተት ሠርተናል። ሳክስፎን የሚጫወት ጓደኛችን ከሞተብን ዓመት ሳይሞላው ሥራ ነበረብንና ሌላ ልጅ አመጣን። ጎበዝ ልጅ ነው። የሟቹን ቅጂ ሰጠነውና «እንዲህ አድርገህ ተጫወት» አልነው። እያንዳንዷን ሶሎ፣ እስትንፋስ የሚወስድበትን ቦታ ሳይቀር። ልጁ አጠናው። መድረክ ላይ ሲጫወተው ግን እኛ ቀና ብለን ማየት አቃተን። አንድ ማታ ድራም የሚመታው በመሃል አቆመ። ልጁ በሦስተኛው ወር ተወን። አልፈርድበትም። ሰው ነው፤ የሞተ ሰው ጥላ አድርገን ነው ያቆምነው።

ስለዚህ ምክሬ ይኸው። አዲሷን ልጅ የጓደኛሽን ክፍል እንድትገለብጥ አታድርጓት። የድሮዎቹን ዘፈኖች መነሻ ድምፃቸውን ቀይሩ፤ አንድ ድምፅ ዝቅ ወይ ከፍ ብታደርጉት ጣቶቻችሁም የለመዱትን ትተው እንደገና ያዳምጣሉ። የመጀመሪያው ቀን ላይ አዲስ ዘፈን ይዛችሁ ግቡ፣ ሟቿ ያልነካችው። ከስድስቱ አንዱን ደግሞ፣ በጣም የእሷ የሆነውን፣ ለጊዜው ተዉት። ጣና ዳር እንዳለው ቦታው ባዶ ይቅር ካላችሁ እሱም ያስኬዳል፤ ግን እኔ ባዶውን ወንበር ሞክሬዋለሁ፣ ሰው ሁሉ እሱን ሲያይ ያመሻል።

የድሮ ካሴት፦

ልጄ፣ የስኮትላንዶቹን ባንድ የሰማሁት አሁን፣ ጽሑፍሽን ካነበብኩ በኋላ ነው። አስረኛውን ሁለት ጊዜ ሰማሁት። እንግሊዝኛው ሁሉም አይገባኝም። የልጅቷ ድምፅ ግን ገባኝ።

በእኔ ልጅነት ቤት ውስጥ ሐዘን ሲኖር ሬዲዮ አይከፈትም። አባቴ ሲሞት እናቴ ሬዲዮኑ ላይ ጥቁር ጨርቅ ጣለችበት። አንቺ ነጠላ እንዳለበስሽው። ጎረቤት እንኳ ሲከፍት ቀስ አድርጎ ነበር። አርባው ወጣ፣ ተዝካሩ ተበላ፣ ሙት ዓመቱም ወጣ። እናቴ ከሏን አወለቀች። ጨርቁንም ከሬዲዮኑ ላይ አንስታ አጥባ አሰጣችው። ሬዲዮኑን ግን አልከፈተችም። እኛም አልደፈርንም። እንዲሁ ወራት አለፉ። አንድ እሑድ ከሰዓት እኔ ነኝ የከፈትኩት፤ ለራሴ እንኳ በማይሰማ ድምፅ፣ ጆሮዬን አስጠግቼ። ዘፈን ነበር የያዘው። እናቴ ከማዕድ ቤት «ማነው?» አለች። ደነገጥኩ፤ ልዘጋው እጄን ዘረጋሁ። «ከፍ አድርገው እንጂ፣ እዚህ አይሰማም» አለችኝ። ያን ሁሉ ወር እሷ እኛን፣ እኛ እሷን ስንጠብቅ ነበር።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ልልሽ። እዚህ ያለነውን ሁላችንን ጠየቅሽን፤ መልካም አደረግሽ። የልጅቷን እናት ጠይቀሻል ወይ? ጽሑፍሽ ላይ አላየሁትም። የሐዘኑ ባለቤት እሳቸው ናቸው። ሂጂ፣ ቡና ያዢ፣ ቁጭ በይ።

ቀይ ሸማ፦

ቆይቼ ነው የምመልሰው፤ ይቅርታ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ከልቤ ነው።

ዝናብ አገር፣ «ላይት ናይትስ» ምን ማለት እንደሆነ ከነገርሽኝ በኋላ ያንን ዘፈን በየማታው ነው የምሰማው። ጣና ዳር፣ በመሃለኞቹ ዘፈኖች አልስማማም፤ «ስሊፕዎኪንግ»ን ማታ መብራት አጥፍተህ ሞክረው። በ2009ኙ ግን ተስማምተናል።

ጋሼ የድሮ ካሴት፣ እርስዎ እንዳሉኝ እሑድ ቡናና ስኳር ይዤ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ከአርባዋ ወዲህ ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር የሄድኩት፤ በሩ ላይ ስደርስ ስለሚያቅተኝ። እትዬ ቡናውን አፈሉ። ሁለተኛው ላይ ስንደርስ «እንደገና ልንጫወት ነው እያሉ ነው» አልኳቸው። መልስ አልሰጡኝም፤ ረከቦቱን ማስተካከል ጀመሩ። ከዚያ «ያ ዕቃ ደህና ነው?» አሉኝ። ደህና ነው፣ ነጠላ አልብሼዋለሁ አልኳቸው። «እኔኮ ሸጠሽው እንደሁ ብዬ፣ እንዳላሳፍርሽ ነው የማልጠይቅሽ» አሉ። እዚያው ተቃቅፈን አለቀስን። ስወጣ በሩ ላይ «አቧራ አታስበይው» አሉኝ።

ቅዳሜ ተሰበሰብን፣ እኔ ቤት። ነጠላውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። አዲሷ ልጅ ዝምተኛ ናት። ኪቦርዱ ፊት ተቀምጣ ፕላስተሮቹን አንድ በአንድ አነበበቻቸው፤ ግን አልነካቻቸውም። ባለ ቤዙ፣ ምክርህን ተከትለን አዲስ ዘፈን ጀመርን፤ ገና ግማሽ ነው፣ ግጥምም የለውም። ለዜማው ኦርጋን ፈለግን። «ጠዋት የሚለውን ልጠቀም?» ብላ ጠየቀችኝ። ተጠቀሚ አልኳት። በሌላ እጅ ሌላ ዓይነት ሆነ። ጠዋትነቱ ግን አልጠፋም።

ልናበቃ ስንል «ይኼስ ምንድነው?» አለች። «ለክፉ ቀን» የሚለው ነው። ማንም አያውቅም አልናት። ቤዝ የሚጫወተው ልጅ «እስቲ ንኪው» አለ። እኔን አየችኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ቁልፉን መረጠችና አንድ ጣቷን አሳረፈች።

ጭብጨባ ነው። አንዳንድ ኪቦርድ ውስጥ አለ አይደል፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲያጨበጭብ? እሱ ነው። እዚያች ትንሽ ቤት ውስጥ ስምንት ሰው ብቻ የመጣ ማታ፣ ወንበሩ ሁሉ ባዶ ሲሆን፣ ልትነካልን ያስቀመጠችው ነው።

ልጅቷ ጣቷን አላነሳችም። ድራም የሚመታው ልጅ ወጥቶ በረንዳው ላይ ቆመ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። ቁጭ ብሎ ዱላዎቹን አነሳና «ከላይ እንጀምር» አለ።